ደቡብ ለንደን ያለ ነፃ የቤኔፊት ምክር ቢሮ፦ ከ5 ኮከብ 4፣ አምስተኛዋን ደረጃው በላት

እሺ፣ ሪቪው መጻፍ ልማዴ አይደለም። ምግብ ቤት በልቼ እንኳን ኮከብ ሰጥቼ አላውቅም፣ ግን ለእነዚህ ሰዎች ሳልጽፍ ብቀር ነውር ነው። የቢሮውን ስም አልጠራም፣ ስሙ ከወጣ ነገ ጠዋት ግማሽ ሰፈር በር ላይ ይሰለፍባቸዋል፣ እነሱ ደሞ ያሉት ሁለት ተኩል ሰው ናቸው፣ ተኩሏ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የምትመጣ ቮለንቲር ናት። እንዲህ አይነት ቢሮ ግን ለንደን ውስጥ ሌላም ቦታ ስላለ የምጽፈው ለሁላችሁም ይሆናል። ቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ በተለይ አንብቡት። ይረዝማል፣ ሻይ ያዙ።

ጉዳዩ የአክስቴ ነው። 61 ዓመቷ ነው፣ ዕድሜዋን ሆቴል ውስጥ ክፍል ስታጸዳ ነው የኖረችው፣ አሁን ሐኪሞቹ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉት እኛ ቁርጥማት የምንለው እጇንም ጉልበቷንም ይዟታል፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አይታጠፉም። ቤተ ክርስቲያን የሆነ ሰው "ፒፕ ለምን አትሞይም" አላት። ፒፕን ለማታውቁ፣ እንግሊዝ አገር ለአካል ጉዳተኛና ለረጅም ጊዜ ሕመምተኛ የሚሰጥ ቤኔፊት፣ ማለትም የመንግሥት ድጎማ ነው፣ በፈረንጆች ኤፕሪል 2013 ላይ ዲኤልኤ የሚባለውን የአካል ጉዳተኞች ክፍያ ለአዋቂዎች ለመተካት የጀመረ። ደሞዝህን አያይም፣ ባንክ ያለህን አያይም፣ ሠራህ አልሠራህ ጉዳዩ አይደለም። የሚያየው ነጥብ ነው። 10 ጥያቄ ስለ ዕለት ኑሮ፣ 2 ጥያቄ ስለ መንቀሳቀስ፣ ሁለቱ ለየብቻ ይደመራሉ፣ 8 ካመጣህ መደበኛውን ታገኛለህ 12 ካመጣህ ከፍተኛውን፣ ከ8 በታች ባዶ። 7 አመጣሁ ብለህ ትንሽ እንኳን የሚቆርሱልህ ነገር የለም።

መጀመሪያ እኛው ራሳችን ሞላነው፣ ያው እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ። ፎርሙ ሲመጣ ወፍራም ነው፣ ለመመለስ አንድ ወር ነው ያለህ። እኔ ከሥራ መልስ ማታ ማታ አክስቴን እየጠየቅኩ ጻፍኩ። ከዛ በስልክ ግምገማ ተባለ፣ ይህን የሚሠሩት መንግሥት ኮንትራት የሰጣቸው የግል ካምፓኒዎች ናቸው፣ ያነጋገረቻት ነርስ ነበረች፣ በአስተርጓሚ። የመጀመሪያዋ ጥያቄ "ዛሬ እንዴት ነሽ?" አክስቴ ምን ትላለች? "እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ እናንተስ ደህና ናችሁ?"

ሪፖርቱ ላይ ምን ተጻፈ፣ "ደህና እንደሆነች ተናግራለች"።

እኔ እስከዛ ቀን ድረስ ሰላምታ ማስረጃ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ምግብ ትሠሪያለሽ ወይ ስትባል ደሞ "እንጀራዬን እጋግራለሁ" አለች። ውሸቷን ነው! ከጋገረች ሁለት ዓመት አልፏታል፣ ሊጡን የምትቀዳበትን ጆግ ማንሳት አትችልም፣ እንጀራ የምናመጣላት እኛ ነን። ግን ለማታውቀው ሰው በስልክ፣ ያውም በሌላ ሐበሻ ወንድ አስተርጓሚ ፊት፣ እንጀራ መጋገር አቃተኝ ትበል? ሞቷ ነው። እሁድ እሁድ አስቀድሳለሁ አለች፣ ሪፖርቱ "ለረጅም ሰዓት የመቆም ችግር የለባትም" አለ፣ ጥግ ላይ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እንደምታስቀድስ የጠየቃት የለም። ውሳኔው ሲመጣ ዕለት ኑሮ 6፣ መንቀሳቀስ 4። ዜሮ ማለት ነው።

ወደ ቢሮው ልምጣ። ከአንድ ፋርማሲ በላይ ነው፣ ሊፍት የለም፣ 23 ደረጃ አለው፣ ቆጥሬዋለሁ። ለአካል ጉዳተኛ ምክር የሚሰጥ ቢሮ 23 ደረጃ ላይ! ኪራዩ ርካሽ የሆነው ለዛ ነው ብለውኛል፣ ይገባኛል፣ ኮከቧን ግን መልሼ አልሰጥም። የበሩ ደወልም አይሠራም። አክስቴ እየተደገፈች አራት ቦታ ቆማ ስትደርስ አማካሪዋ ከላይ ሆና ስታያት ነበር፣ ፈረንጅ ናት፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ፣ እጇ ላይ ሁሌ የቀዘቀዘ ቡና አለ፣ ገና ሳንቀመጥ ይቅርታ ብላ ከዛ "ደረጃው ላይ ስንት ጊዜ ቆማችሁ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀባችሁ" ብላ ጻፈች። "የገመገማት ሰው ስትራመድ አይቷታል?" አለችኝ። በስልክ ነው አልኳት። ሳቀች፣ የደስታ ሳቅ አይደለም።

አጠያየቋ ነው እኔን የገረመኝ። አንድም ጊዜ "ትችያለሽ ወይ" ብላ አልጠየቀችም። "ትናንት ምን በላሽ፣ ማን ሠራው፣ ሽንኩርቱን ማን ላጠው፣ ድስቱን ማን አወረደው፣ ከዛ በኋላ ምን ሆንሽ፣ ተኛሽ?" እንዲህ ነው የምትጠይቀው። ሕጉ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ አለችን፣ አንድን ነገር ትችላለህ የሚባለው አደጋ ሳይደርስብህ፣ በደንብ አድርገህ፣ በሚያስፈልገው ልክ ደጋግመህ፣ እና በተገቢው ጊዜ ውስጥ ከሠራኸው ብቻ ነው፣ ጊዜው ጤነኛ ሰው ቢበዛ ከሚፈጅበት ከእጥፍ በላይ ከሆነ እንደማትችል ይቆጠራል። ቀኖቹም ይቆጠራሉ፣ ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀኖች እንዴት ነሽ ነው ጥያቄው፣ አንድ ጥሩ ቀን ስላለሽ አይደለም። እኔ ይሄን አንዱንም ሳላውቅ ነው ፎርሙን የሞላሁት። አክስቴ ካልሲ ማድረግ ትችላለች ብዬ ጽፌያለሁ፣ አዎ ትችላለች፣ 20 ደቂቃ ይፈጅባታል ከዛ ታለቅሳለች።

የእንጀራው ነገር ደሞ ስሙኝ። ሕጉ ላይ "ምግብ መሥራት" ማለት ምን እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፣ ለአንድ ሰው የሚሆን፣ አንድ ዓይነት፣ ካልበሰለ ነገር ተነስተሽ የምታበስይው ምግብ፣ ያውም ከወገብ ከፍታ ወይ ከዛ በላይ ባለ ምድጃ ላይ። ዶሮ ወጥ አይደለም፣ እንጀራ አይደለም። ሽንኩርት መላጥ፣ መክተፍ፣ ማብሰል በቃ። አማካሪዋ ይሄን ስታስረዳ እኔ እየተረጎምኩ አክስቴ ዝም አለች፣ ከዛ "እውነቱን ልንገራት?" አለችኝ በአማርኛ። "እንጀራው ከእጄ ወጥቷል በላት።" ይሄን እንዴት አድርጌ እንደምተረጉመው ጠፋኝ፣ ዝም ብዬ ካልኩት የምትጋግር ይመስላል። ቁጭ ብዬ ለፈረንጅ እንጀራ ለሐበሻ ሴት ምን እንደሆነ 10 ደቂቃ አስረዳሁ።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናገር። አክስቴ "ትንሽ ያመኛል" ስትል ትንሽ ብዬ ነው የተረጎምኩት። ሴትዮዋ አማርኛ አታውቅም ግን ፊቷን አይታ "ቆይ፣ ቃል በቃል ምን አለች፣ ይሄ ትንሽ የሚያማት ሰው ፊት አይደለም" አለች። ያኔ ነው የገባኝ፣ የእኛ ሰው ትንሽ አመመኝ ካለ አምቡላንስ ጥራ ማለቱ ነው። የዘመድ አስተርጓሚ ጥሩ አይደለም የምትለው ለዚህ ነው፣ ወይ እናለሳልሳለን ወይ አፍረን እንዘላለን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ጥያቄ እኔ አክስቴን ዓይኗን እያየሁ መጠየቅ አልቻልኩም፣ ቮለንቲሯ ሴት ናት እሷ ናት በምልክት የጨረሰችልን። አማርኛ አስተርጓሚ ለመቅጠር በጀት የላቸውም።

በነገራችን ላይ እንግሊዝኛ አለመቻል ነጥብ ያሰጣል ብላችሁ የምታስቡ አላችሁ፣ አክስቴም እንደዛ ነበር ያሰበችው። አያሰጥም። የመናገርና የማንበብ ጥያቄዎቹ የሚለኩት በራስሽ ቋንቋ ነው፣ አማርኛውን ማንበብ ከቻልሽ አበቃ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ብሶት። በአራት አፖይንትመንት ውስጥ ከአክስቴ ጉዳይ ባልተናነሰ የሷን ብሶት ሰምቻለሁ፣ እና ልክ ናት። ይሄን ሥራ የጀመረችው ከ2013 በፊት ነው፣ በዛን ጊዜ በቤኔፊት ጉዳይ ምክር ለሚሰጥ ሰው መንግሥት በሕግ ድጋፍ በኩል ይከፍል ነበር። በኤፕሪል 1፣ 2013 ያ ድጋፍ ለቤኔፊት ምክር ቆመ፣ የቀረው ወደ ላይኛው ትሪቡናል፣ ማለትም ወደ ሁለተኛው የይግባኝ ችሎት፣ እና ከዛ በላይ ለሚሄድ የሕግ ጥያቄ የምትሆን ቁራጭ ናት። ፒፕ የጀመረው ኤፕሪል 8። በሰባት ቀን ልዩነት! ጃንጥላውን ቀምተው ዝናቡን ለቀቁት። ከዛ ወዲህ የቢሮው ገንዘብ በየዓመቱ ከበጎ አድራጎት የሚለመን ነው፣ በዓመት ውስጥ ስንት ወሯን ማመልከቻ ስትጽፍ እንደምታጠፋ ስትነግረኝ አዘንኩላት፣ ሰው ለማገዝ ራሷ ፎርም ትሞላለች፣ እሷም ነጥብ ይሰጣታል።

ሁለተኛው ብሶቷ ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን የሚሉት ነው። ውሳኔው ካልተስማማህ ቀጥታ ፍርድ ቤት መሄድ አትችልም፣ መጀመሪያ እዛው የወሰነውን መሥሪያ ቤት በአንድ ወር ውስጥ "እባካችሁ እንደገና እዩልኝ" ትላለህ። እነሱ ያዩታል። እኛንም አዩልን፣ ለውጥ የለም አሉ። ለአክስቴ ስተረጉምላት "አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ" አለች፣ ይሄን ለሴትዮዋ ስተረጉምላት ወረቀት ላይ ጻፈችው። የሚያናድዳት ምን መሰላችሁ፣ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያቆመው። የታመመ ሰው ሁለት ጊዜ እምቢ ከተባለ "እንግዲህ አይገባኝም ማለት ነው" ብሎ ይቀመጣል፣ በተለይ የእኛ ሰው፣ መንግሥት እምቢ ካለ እምቢ ነው ብለን ነው ያደግነው። ትሪቡናል የሚባለው የይግባኝ ችሎት ድረስ ከሄዱት የፒፕ ጉዳዮች ግን ከ10ሩ ወደ 6 ወይ 7 የሚሆኑት ናቸው ለሰውየው የሚፈረዱት፣ ለዓመታት እንደዛ ነው። "ብዙ ጊዜ አዲስ ወረቀት እንኳን የለም" አለችኝ፣ "ሰውየው ያው ነው፣ ሕመሙ ያው ነው፣ የተቀየረው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በትክክል መጠየቁ ነው።" እንግዲህ ቅሬታ ከቀረበበት ዳቦ አብዛኛው በየዓመቱ የተበላሸ ሆኖ የሚገኝበት ዳቦ ቤት ቢሆን በስንት ቀን ይዘጋ ነበር?

ሦስተኛው፣ ሕጉ እግር ስር እየተቀያየረ ነው። በ2017 መንግሥት በጭንቀት ምክንያት ብቻውን ከቤት መውጣት የማይችለውን ሰው ነጥብ የሚቀንስ ደንብ አወጣ፣ በዓመቱ መጨረሻ ፍርድ ቤት አድልዎ ነው ብሎ ጣለው፣ ከዛ 1.6 ሚሊዮን ፋይል እንደገና ይታያል ተባለ። በ2025 ማርች ላይ ደሞ ከዕለት ኑሮ ጥያቄዎች ቢያንስ በአንዷ 4 ነጥብ ያላመጣ ሰው የዕለት ኑሮውን አያገኝም የሚል ሐሳብ አመጡ። የአክስቴን የመጀመሪያ ውሳኔ ብታዩት ምግብ 2፣ መታጠብ 2፣ መልበስ 2 ነው፣ እንደዛ ሁለት ሁለት ሆኖ እስከ 10 ቢደርስም በዛ ሕግ ዋጋ የለውም ነበር። ጁላይ 1 ፓርላማው ድምፅ ሊሰጥ ሰዓታት ሲቀሩት ከሕጉ አወጡት፣ ሚኒስትሩ ሰር ስቲፈን ቲምስ የሚመሩት ጥናት ይቅደም ተባለ። እዚህ ቢሮ ግን ከማርች እስከ ጁላይ ስልኩ አላረፈም አለችኝ፣ ሰው እየደወለ "ተቆረጠብኝ ወይ" ይላል፣ አልተቆረጠም ትላለች፣ ያለቅሳል፣ ሌላው ይደውላል። ሥራዋ ፋይል መያዝ ነበር፣ አራት ወር ሰው ስታጽናና ከረመች።

እኛም ይግባኝ ብለን የሄድንበትን ትሪቡናል ባጭሩ ልጨርሰው ምክንያቱም ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነበር። ነፃ ነው። ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ዳኛ፣ ሐኪም፣ እና ስለ አካል ጉዳት የሚያውቅ ሰው። የኛ በስልክ ነበር፣ ይሄን ጊዜ ትሪቡናሉ ራሱ አስተርጓሚ አቀረበ፣ ሴት። ከዛኛው መሥሪያ ቤት ወገን የመጣ ሰው አልነበረም፣ ለምን እንደከለከሉን የሚያስረዳ ማንም የለም ማለት ነው። ሐኪሙ አክስቴን "ማንቆርቆሪያ ውሃ ሞልተሽ ታነሻለሽ?" አላት፣ "ግማሽ ሞልቼ በሁለት እጄ" አለች፣ "ጥለሽው ታውቂያለሽ?" አላት፣ "እግሬን ላሳይዎት?" አለችው፣ በስልክ! ሁሉም ሳቁ። አማካሪያችን ብዙም አልተናገረችም፣ አስቀድማ የጻፈችው አራት ገጽ ነበር ሁሉን ያለው። ምግብ 4፣ መታጠብ 3፣ መልበስ 2፣ መጸዳጃ 2፣ ድምር 11። በከዘራ ከ20 ሜትር አልፎ ከ50 ሜትር የማይበልጥ ብቻ ስለምትራመድ መንቀሳቀስ 10። ሁለቱም መደበኛው ማለት ነው፣ በ2025ቱ ታሪፍ በሳምንት 73.90 እና 29.20፣ ባንድ ላይ 103.10 ፓውንድ፣ ውዝፉም መጀመሪያ ከደወልንበት ቀን ጀምሮ። ከመጀመሪያ ስልክ እስከዚህ 15 ወር ፈጀ። ብሉ ባጅ የሚባለው የመኪና ማቆሚያ ካርድም በዛው ነጥብ ተሰጣት፣ አሁን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው የማወርዳት፣ እንደ ሚኒስትር።

እኛ እልል ስንል ሴትዮዋ ግን "አንድ ነጥብ!" እያለች ጠረጴዛ ትመታለች፣ 11 ሆኖ 12 ስላልሆነ። ወደ ላይኛው ትሪቡናል መሄድ የሚቻለው የሕግ ስህተት ካለ ብቻ ነው፣ ነጥብ አነሰኝ ብለህ አትሄድም። አክስቴ "ልጄ፣ ተዪው፣ በቅቶኛል" አለቻት በአማርኛ፣ ሳልተረጉምላት ገባት።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፣ ሪቪው ነው። አፖይንትመንት ለማግኘት አምስት ሳምንት ጠብቀናል፣ የይግባኙ ጊዜ አንድ ወር ሆኖ ሳለ! ያዳነን ቮለንቲሯ ናት፣ ውሳኔው የተጻፈበትን ቀን ጠይቃኝ "አሁኑኑ ደውለህ እንደገና ይታይልኝ በል፣ ምክንያቱን በኋላ እንልካለን" አለችኝ። የወሰነው መሥሪያ ቤት ስትደውሉ የቫዮሊን ሙዚቃ ትሰማላችሁ፣ ቻርጀር ያዙ። የቢሮው የራሳቸው ስልክም አይነሳም፣ ማክሰኞ ወይ ሐሙስ ጠዋት 8 ሰዓት ተኩል በአካል ሂዱ፣ የፈረንጅ 8 ሰዓት ተኩል፣ ደወሉ ስለማይሠራ በደንብ አንኳኩ። የምትልኩትን ሁሉ ኮፒ አስቀሩ። የስልክ ግምገማ ካላችሁ አስቀድማችሁ ይቀረጽልን በሉ፣ መብት ነው፣ እኛ አላወቅንም ነበር። የመኖሪያ ወረቀታችሁ ላይ የሕዝብ ገንዘብ አይነካም የሚል ያላችሁ ሳትጠይቁ እንዳትሞሉ፣ ፒፕ ከዛ ውስጥ ነው። በጥገኝነት ወረቀት ያገኛችሁ ግን አገር ውስጥ ሁለት ዓመት መኖር የሚለው ቅድመ ሁኔታ አይመለከታችሁም፣ እሱን ሰምተው የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። ከጡረታ ዕድሜ በኋላ አዲስ ፒፕ መጀመር አይቻልም፣ ያለው አቴንዳንስ አላውንስ የሚባለው ነው፣ እሱ ደሞ የመንቀሳቀሻ ብር የለውም፣ ስለዚህ 65 ላይ ያለች እናት ያላችሁ ዛሬ ደውሉ።

አክስቴ ባለፈው ሳምንት ለምስጋና ድፎ ዳቦ ይዛ ሄደች፣ እኔ ነኝ ያቦካሁት እሷ ናት ያዘዘችኝ። ስጦታ መቀበል ክልክል ነው አሉ፣ እሷ ደሞ ዳቦ ስጦታ አይደለም ብላ እዛው ተቆርሶ ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ ታደለ። አማካሪዋ ዳቦዋን እየበላች የሰጡን ውሳኔ የሦስት ዓመት እንደሆነ አስታወሰችን፣ የማደሻው ፎርም ከማለቁ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል፣ ከዛሬ ጀምሮ ማስታወሻ ያዙ፣ መጥፎ ቀን መጥፎ ቀን እያላችሁ ጻፉ አለችን። አክስቴ ከዛ ወዲህ ካሌንደሩ ላይ በየቀኑ ትጽፋለች፣ ትናንት ገልጬ ሳየው ሦስት ቀን በተከታታይ "ተመስገን" ብቻ ነው ያለው፣ ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው።

የሕንፃው ባለቤት ደረጃው ላይ መደገፊያ አስገባለሁ ብሏል አሉ። ካስገባ ተመልሼ አምስተኛዋን ኮከብ እጨምራለሁ።